በስፖርት የሬዲዮ ውይይት ላይ ደውሎ አስተያየት ለመስጠት፦ ለአድማጭ የተዘጋጀ መመሪያ

አድማጭ በስልክ የሚሳተፍበትን የስፖርት ውይይት ስንከታተል፣ ጥሩ ሃሳብ ይዞ የገባ ሰው ገና ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይደርስ ሰዓቱ ሲያልቅበት፣ ወይም የራሱ ሬዲዮ ከጀርባው እየጮኸበት «አልሰማም፣ አልሰማም» ሲል መስመሩ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ እንታዘባለን። እንዲህ የሚሆነው ደዋዩ ስለ ስፖርት ስለማያውቅ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ጨዋታውን ከአቅራቢው ባላነሰ ትኩረት የተከታተሉ ሰዎች ናቸው። የጎደላቸው ዝግጅት ነው። አንድ ደዋይ አየር ላይ የሚያገኘው ጊዜ በአብዛኛው ከ1 ወይም ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ ያ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ከተነሣ በኋላ ለማሰብ አይበቃም። ይህ መመሪያ ያንን አጭር ጊዜ አቅራቢው መልስ ሊሰጥበት፣ ሌላው አድማጭም ሊከራከርበት በሚችል አንድ ሃሳብ ለመሙላት ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

1. ፕሮግራሙን አስቀድመው ያዳምጡ

ከመደወልዎ በፊት ፕሮግራሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። በዚህ ጊዜ ትኩረትዎን ከስፖርቱ ወሬ ይልቅ በጥሪዎቹ አካሄድ ላይ ያድርጉ። አንዳንድ አቅራቢ ደዋዩን እያቋረጠ ይሞግታል፤ ሌላው ሃሳቡን በጸጥታ ተቀብሎ ያመሰግንና ለተንታኙ ያስተላልፋል። ለመጀመሪያው ዓይነት አቅራቢ ተከታይ ጥያቄ እንደሚመጣብዎ አውቀው መዘጋጀት ይኖርብዎታል፤ ለሁለተኛው ግን ዋናውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው መናገር አለብዎት፤ ዳግም ዕድል አይሰጥዎትምና። ስልክ የሚከፈተው በየትኛው የፕሮግራሙ ክፍል እንደሆነም ልብ ይበሉ።

የሚደውሉበት ሰዓት የራሱ ክብደት አለው። በእንግሊዝ የቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው «606» የተሰኘው የእግር ኳስ የስልክ ውይይት ስሙን የወሰደው ከሚጀምርበት ደቂቃ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ፣ ማለትም የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታዎች አልቀው ደጋፊው ከስታዲየም ወደ ቤቱ በሚጓዝበት ሰዓት ይጀምር ነበር። የዚህ ሰዓት ጥቅሙ ስሜቱ ገና ትኩስ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት በአንድ ጊዜ መደወሉ ነው። ስለዚህ ጉዳይዎ ያ አወዛጋቢ ውሳኔ ከሆነ፣ መስመሩ በተከፈተበት በመጀመሪያው ደቂቃ ይደውሉ፤ ወይም ሌላው ያላየውን የነገሩን ገጽታ ይያዙ። ሃሳብዎ ስለ አሰልጣኙ አሰላለፍ ወይም ስለ ክለቡ የዝውውር አያያዝ ከሆነ ግን ማግስቱን መጠበቅ ይሻላል፤ በማግስቱ መስመሩ ይቀላል፣ አቅራቢውም በሰፊው ለማዳመጥ ጊዜ ይኖረዋል።

2. አንድ ሃሳብ ብቻ ይምረጡ

ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ይህ ነው። «ቡድናችን አሳዝኖናል» የሚለው እውነተኛ ስሜት ነው፤ ነገር ግን ለአቅራቢው የሚመልሰው ነገር አይሰጠውም። አቅራቢው «አዎ፣ ያሳዝናል» ብሎ ወደሚቀጥለው ደዋይ ቢሄድ ሊፈረድበት አይገባም። ሃሳብ የሚባለው፣ ሰምቶት «አልስማማም፣ ምክንያቱም…» ሊል የሚችል ሰው ያለው ነገር ነው። የሚሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉትና በዚህ መመዘኛ ይፈትኑት።

ለምሳሌ ያህል «አሰልጣኙ አይችልም» የሚለውን እንውሰድ። ይህ አባባል ማስረጃም ድንበርም የለውም። በዚያው ቁጣ ውስጥ ያለው ሃሳብ ሲወጣ ግን ይህን ሊመስል ይችላል፦ «አሰልጣኙ 1 ለ 0 እየመራን ሳለ በ60ኛው ደቂቃ አማካዩን አስወጥቶ ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ ማስገባቱ ነው ያሸነፈን፤ ከዚያ በኋላ ኳሱ ከእኛ የሜዳ ክፍል አልወጣም።» እዚህ ላይ ደቂቃ አለ፣ ውሳኔ አለ፣ ውጤቱም አለ። የሚቃወም ሰው «አማካዩ ተጎድቶ ነበር» ሊል ይችላል፤ ተንታኙም «ችግሩ ቅያሪው ሳይሆን የመስመር ተጫዋቾቹ ወደ ኋላ መሸሻቸው ነው» ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ውይይት ተጀመረ ማለት ነው።

ሃሳቡን ከመረጡ በኋላ የሆነውን ነገር ከሚገምቱት ነገር ይለዩ። በስፖርት ክርክር ውስጥ ደዋዮች በብዛት የሚሸነፉት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የ16ቱ ዙር ጨዋታ ጀርመን እንግሊዝን 2 ለ 1 እየመራች ሳለ፣ የፍራንክ ላምፓርድ ምት የግቡን አግዳሚ መትቶ መስመሩን አልፎ ካረፈ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ዳኞቹ ግን ግቡን አላጸደቁትም። ጨዋታው 4 ለ 1 በሆነ ውጤት በጀርመን አሸናፊነት ተጠናቀቀ። «ግቡ ቢጸድቅ ኖሮ 2 ለ 2 ይሆን ነበር» የሚል ሰው የሚከራከረው ማንም ሊክደው በማይችል ነገር ነው። «ግቡ ቢጸድቅ ኖሮ እንግሊዝ ታሸንፍ ነበር» የሚለው ግን ግምት ነው፤ ይህን ብሎ የደወለ ሰው በሁለተኛው አጋማሽ በመልሶ ማጥቃት የተቆጠሩት ሁለት ግቦች ሲነሡበት መልስ ያጥረዋል። መካከለኛና ጠንካራ አቋም ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ «እንግሊዝ አቻ ለመሆን ወደ ፊት ባትወጣ ኖሮ ለዚያ መልሶ ማጥቃት ያን ያህል ክፍት አትሆንም ነበር።» ይህ አሁንም ግምት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን ይዞ ስለመጣ ያከራክራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ኳስ መስመር ማለፉን የሚያረጋግጠውን የግብ መስመር ቴክኖሎጂ ሲፈቅድ፣ ደጋፊው ለዓመታት ሲከራከርበት የኖረው ጉዳይ ተራ ጩኸት እንዳልነበረ ታይቷል።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ ወረቀት ወስደው ሦስት መስመር ብቻ ይጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ሃሳብዎን፣ በሁለተኛው አንድ ማስረጃ (ደቂቃ፣ ውጤት፣ የተጫዋች ስም)፣ በሦስተኛው አቅራቢው ሊያነሣ የሚችለውን ተቃውሞና የእርስዎን መልስ ያስፍሩ። ከዚህ በላይ አይጻፉ። ሙሉ ንግግር ጽፎ የሚያነብ ሰው ከድምፁ ወዲያው ይታወቃል፤ አቅራቢው በመሐል ሲያቋርጠውም ያቆመበትን መስመር ፍለጋ ይገባና ጸጥታ ይፈጠራል። በሬዲዮ ላይ የ3 ሰከንድ ጸጥታ በጣም ረጅም ነው።

3. ሕጉን ያረጋግጡ

ስለ ዳኝነት የሚደውል ሰው ሕጉን ሳያይ መደወል የለበትም። የእግር ኳስ ሕግ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ማሻሻያውም በአብዛኛው ከጁላይ 1 ጀምሮ ይሠራበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትክክል ያወቅነው ነገር ዛሬ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

በጥሪዎች ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስሕተት «የመጨረሻው ተከላካይ ስለሆነ ቀይ ካርድ ነበር» የሚለው ነው። በሕጉ ውስጥ «የመጨረሻ ተከላካይ» የሚባል ነገር የለም። ሕጉ የሚጠይቀው ጥፋቱ ግልጽ የግብ ዕድልን ያጨናገፈ መሆኑን ነው፤ ለዚህም ዳኛው አራት ነገሮችን ይመለከታል፦ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ከግቡ ያለውን ርቀት፣ የጨዋታውን አጠቃላይ አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉን፣ እንዲሁም የተከላካዮቹን ቁጥርና አቋቋም። ተከላካዩ የመጨረሻው ሰው ሆኖም ኳሱ ወደ ማዕዘን እያመለጠ ከነበረ ቀይ ካርድ ላይሆን ይችላል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ጥፋቱ የተፈጸመው በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከሆነና ተከላካዩ ኳሱን ለመጫወት ሞክሮ ከሆነ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ ይሰጥና ተጫዋቹ ቢጫ ካርድ ያያል፤ መጎተት፣ መግፋት ወይም መያዝ ከሆነ ግን ቀይ ካርዱ ይቀጥላል። ይህን ልዩነት ይዞ የሚደውል ሰው «ዳኛው በደለን» ከማለት አልፎ «ተከላካዩ ኳሱን አልፈለገም፣ ማሊያውን ነበር የያዘው፤ ስለዚህ ቢጫው ስሕተት ነው» ማለት ይችላል። አቅራቢው ይህን ሰው በቀላሉ አያሰናብተውም።

ከጨዋታ ውጪን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የተጫዋች ክንድና እጅ ከጨዋታ ውጪ ለመሆን አይቆጠርም፤ ኳሱ በቀጥታ ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራ ወይም ከማዕዘን ምት ከመጣም ከጨዋታ ውጪ የለም። የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ በተለምዶ ቫር የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕጉ ውስጥ ሲካተት የተፈቀደለት በግብ፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በቀጥታ ቀይ ካርድና በተሳሳተ ተጫዋች ላይ በተሰጠ ቅጣት ብቻ ሲሆን፣ መመዘኛውም ስሕተቱ «ግልጽና የማያጠራጥር» መሆኑ ነው። «ቫር ለምን ዝም አለ?» ብሎ ለመጠየቅ የፈለገ ሰው፣ ጉዳዩ ቫር ሊገባበት የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

4. ስልክዎንና ቦታዎን ያዘጋጁ

ተራ የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን የድምፅ ክልል ብቻ ነው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች ጉልበታቸው ከዚህ ክልል በላይ ስለሚገኝ በስልክ ይደባለቃሉ። ስለዚህ የተጫዋች ስምና ቁጥር ሲጠሩ ረጋ ብለው፣ ፊደሉን ለይተው ይናገሩ። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈርዎ ጎን ጥቂት ጣት ያህል አርቀው ይያዙ፤ «በ» እና «ፐ» ሲባሉ ከአፍ የሚወጣው አየር በቀጥታ ማይክሮፎኑን ሲመታ በሬዲዮ ላይ እንደ ቡጢ ይሰማል።

ስፒከር አይጠቀሙ። ስፒከር የክፍሉን ማስተጋባት ሁሉ ያስገባል፤ በብዙ ስልክ ላይም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር የአንዱን ድምፅ ይቆርጣል። በእግር እየተጓዙ ወይም መኪና እየነዱ አይደውሉ፤ የኔትወርኩ መቆራረጥ አንድ ነገር ሆኖ፣ እየነዱ መከራከር ለሕይወትም ያሰጋል። በር የሚዘጋበት፣ መጋረጃ ወይም ልብስ ያለበት ክፍል ከባዶ ኮሪደር እጅግ ይሻላል። ባትሪዎን ያረጋግጡ፤ የመልእክት ድምፆችን ያጥፉ።

5. ለስልክ ተቀባዩ ጉዳይዎን ያስረዱ

ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሣው አቅራቢው አይደለም። ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲያ ማዶ የተቀመጠ የፕሮግራሙ ባልደረባ ነው፤ እርሱም ስምዎን፣ የሚደውሉበትን አካባቢና የሚሉትን ነገር ይጠይቅዎታል፣ ይህንኑ በአንድ መስመር አድርጎ በአቅራቢው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይጽፋል። አቅራቢው ከተደረደሩት ደዋዮች መካከል የሚመርጠው ያንን አንድ መስመር አይቶ ነው። ብዙ ደዋይ ይህን ሰው እንደ በር ጠባቂ ቆጥሮ «ስለ ትናንቱ ጨዋታ ነው» ብሎት ያልፋል፤ ይሁንና በስክሪኑ ላይ «ስለ ትናንቱ ጨዋታ» የሚል አምስት መስመር ቀድሞ ተጽፏል። እርስዎ በወረቀትዎ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይንገሩት፦ «የ60ኛው ደቂቃ ቅያሪ ነው ያሸነፈን፤ አቅራቢው ቅድም ካለው ጋር አልስማማም።» ከአቅራቢው ጋር አለመስማማት ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ከሰልፉ ፊት ያስቀድማል።

ለስልክ ተቀባዩ አንድ ነገር ብሎ አየር ላይ ሌላ ነገር መናገር ግን አይገባም። መስመሩ በዚያው ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አያስገቡዎትም። «ዛሬ ሞልቷል» ከተባሉም አመስግነው ይዝጉና በሌላ ቀን ይደውሉ። ከእነዚህ ባልደረቦች ጋር በጨዋነት የሚነጋገር ደዋይ እየታወቀ ይሄዳል።

6. መስመር ላይ ሲጠብቁ ሬዲዮዎን ያጥፉ

ይህ ትእዛዝ በየፕሮግራሙ የሚደጋገምበት ምክንያት አለው። ብዙ ጣቢያዎች ያልተገባ ቃል ቢነገር ለመቁረጥ እንዲችሉ ስርጭቱን ብዙውን ጊዜ ለ7 ሰከንድ ያህል አዘግይተው ያስተላልፋሉ፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ስርጭት ደግሞ ከዚያም በላይ በብዙ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ሬዲዮዎ ክፍት ከሆነ ከሰከንዶች በፊት የተናገሩት የራስዎ ድምፅ ወደ ጆሮዎ ይመለሳል፤ አንደበትም ይተሳሰራል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በደወልሁበት ዕለት ሬዲዮውን «ዝቅ» ብቻ አድርጌው ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ጀመርሁ፣ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የራሴ ሰላምታ ከመደርደሪያው ላይ ሲነገር ሰማሁ፤ በዚያው ሃሳቤን ስቼ ዝም አልሁ። ለሁለት ቀን የተዘጋጀሁበት ጉዳይ በዚህ ቀረ። ስለዚህ ዝቅ ማድረግ አይበቃም፤ ያጥፉት፣ በቤት ውስጥ ያለውንም ሌላ ሬዲዮ ያስጠፉ።

ፕሮግራሙን ከዚህ በኋላ የሚሰሙት በስልኩ ነው። በመስመር ላይ ሳሉ የሚሰሙት ድምፅ በአብዛኛው በቀጥታ ከስቱዲዮ የሚመጣና ያልዘገየ ነው። በጥሞና ይከታተሉት፤ ከእርስዎ በፊት የገባው ደዋይ የእርስዎን ሃሳብ ተናግሮት ከሆነ መድገም አያስፈልግም፤ «ቀደም ሲል የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር» ብለው ከማስረጃዎ ይጀምሩ። ጥበቃው ጥቂት ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

7. አየር ላይ ሲገቡ

ስምዎ ሲጠራ አንድ ሰላምታ ይስጡና በቀጥታ ወደ ሃሳብዎ ይግቡ። ለስቱዲዮው ሰዎች በየስማቸው ሰላምታ ማቅረብ፣ ለፕሮግራሙ ምስጋና ማዥጎድጎድና «ስሞክር ስንት ጊዜ ሆነኝ» ማለት ከጊዜዎ ሩቡን ይወስዳል። «ሰላም፤ ለትናንቱ ሽንፈት ምክንያቱ የ60ኛው ደቂቃ ቅያሪ ነው እላለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ አድማጩን ይዟል። ምክንያቱን ከዚያ ያስከትሉ።

አቅራቢው ሲያቋርጥዎ ይቁሙ። ድምፅ ከፍ አድርጎ መሻማት የማይጠቅመው በጨዋነት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የስቱዲዮ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ አቅራቢው ሲናገር የደዋዩን ድምፅ በራሳቸው ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ እርስዎ ቢጮኹም አድማጩ የሚሰማው ከጀርባ የሚንሾካሾክ ነገር ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ፤ ከዚያም በወረቀትዎ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለውን መልስ ይስጡ። ያልጠበቁት ጥያቄ ከሆነ «እሱን አላየሁትም፤ እኔ የማነሣው ግን ይህንን ነው» ማለት ከመፍጠር እጅግ የተሻለ ነው። ትክክል ከሆነም ይቀበሉት። «እዚያ ላይ ልክ ነህ፣ ሆኖም…» ያለ ደዋይ ክብር ሲጨመርለት እንጂ ሲቀነስበት ሰምቼ አላውቅም። አቅራቢውን አንተ ወይም እርስዎ የሚሉት በፕሮግራሙ በተለመደው አነጋገር ነው፤ ይህንንም አስቀድመው ሲያዳምጡ አውቀውታል።

ሃሳብዎን ሲጨርሱ በራስዎ ያቁሙ። «ይህን ነው ማለት የፈለግሁት፤ መልሱን በሬዲዮ እከታተላለሁ» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ሌላ ርእስ አይክፈቱ።

8. አየር ላይ ሊነገሩ የማይገባቸው ነገሮች

ዳኛ ተሳስቷል ማለት መብት ነው፤ ዳኛ ገንዘብ ተቀብሏል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ማስረጃ የሰውን ስም የሚያጠፋ ንግግር ተናጋሪውንም ጣቢያውንም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ አቅራቢው መስመሩን ወዲያው የሚቆርጠውም ለዚህ ነው። የተጫዋች ቤተሰብ፣ ብሔርና መልክ፣ ያልተነገረ የሕክምና ጉዳይ የስፖርት ክርክር አካል አይደሉም። የተጋጣሚን ደጋፊ በጅምላ መስደብም እንዲሁ፤ በዚያው ሰዓት የሚያዳምጡ ልጆች አሉ፣ ነገ በአንድ ስታዲየም ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሰዎችም አሉ። በውርርድ ስለከሰሩት ገንዘብ የሚያነሡ ከሆነም ቁጣው ከጨዋታው ሳይሆን ከኪስዎ እንደመጣ አድማጭ ስለሚረዳው፣ የቀረው ማስረጃዎ ሁሉ ክብደት ያጣል።

9. ከዘጉ በኋላ

ፕሮግራሙ ተቀድቶ የሚቀመጥ ከሆነ ጥሪዎን መልሰው ያዳምጡት፤ ሰዓት ይዘውም ከሰላምታዎ እስከ ሃሳብዎ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይለኩ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከሆነ መግቢያዎ ረዝሟል። የትኛው ስም እንዳልተሰማ፣ አቅራቢው ያቋረጠዎት በየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ በዚያው በትንሿ ወረቀት ጀርባ ይጻፉና ለሚቀጥለው ጥሪ ያስቀምጡት። አንዳንድ ጣቢያዎች ያው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ ደንባቸውን ስልክ ተቀባዩን ጠይቀው ይወቁ።